ሰፍያ የፈታችው አደራ

ሰፍያ ኡሚን የጠላቻት እግሯ የቡታጅራን መሬት ሳይረግጥ፣ ገና ከአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ሳለች ነው። ያላወቁትን ሰው መጥላት ደግ አይደለም ትሉኝ ይሆናል። እኔም እላለሁ። ግን ሳኒ ሻንጣዋን ተቀብሎ ሲያወርዳት፣ እሷም እየሳቀች የትከሻውን አቧራ እፍ እያለች በሁለት ጣቷ ስታራግፍለት ብታዩ፣ እናንተስ ምን ትሆኑ ነበር?

ታኅሣሥ 1964 ነው። በየግቢው በርበሬ ተሰጥቶ ከተማው በሙሉ የሚያነጥስበት ወቅት። ሰፍያ ከጨርቅ ሱቁ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ቀና ስትል አየቻቸው። ልጅቷ ከወልቂጤ በአዲስ አበባ ዞራ የመጣች የሀብታም ነጋዴ ልጅ ናት። ጸጉሯን ወደ ላይ ቆልላ፣ በላዩ አረንጓዴ የሐር ሻሽ ጣል አድርጋለች። ሳኒ ደግሞ የትልቁ የበርበሬ ነጋዴ የሐጂ ሸረፋ ልጅ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሄዱ የሰፍያ መርፌ በሰው ቀሚስ ላይ ጠማማ መንገድ ይዞ ሄደ። ቀሚሱን ፈትታ እንደገና መስፋት ነበረባት።

የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የሳኒ ሱሪ በየሳምንቱ ይቀደድ ነበር። ሁልጊዜም ጉልበቱ ላይ። ሰፍያ መጀመሪያ ምስኪን ብላ አዘነችለት። አንድ ቀን ግን ቀዳዳውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ ስታየው፣ በምላጭ የተቆረጠ ሆኖ አገኘችው።

«አንተ ልጅ፣ ይሄን ጉልበትህን ምን እያሳደደው ነው?» ብትለው፣

«አንቺ ነሻ!» አላት።

ከዚያ ወዲያ ሱሪ መቅደድ አላስፈለገውም። በየቀኑ እያለፈ በዓይኑ ሰላም ይላታል፣ እሷም በዓይኗ ትመልሳለች። ሰላምታቸው ከዓይን ያላለፈው የሰይዶ ልጅ ስለሆነች ነው። ሰይዶ በደህና ዘመኑ ከሐጂ ሸረፋ ጋር አንድ ሱቅ ነበራቸው። ለሐጅ ጅዳ ሲወርድ የተከለከለ ዕቃ ይዞ ተገኘ ተብሎ ሁለት ዓመት ታሰረ። ጀርባው የጅራፍ ጠባሳ ይዞ፣ ምላሱም ታስሮ ተመለሰ። ምን ይዞ እንደተገኘ፣ የማን እንደነበረ ለማንም አልተናገረም። ከተማው ባዶውን ዝምታ በወሬ ሞላው። አንዱ ወርቅ አለ፣ አንዱ መጠጥ አለ፣ ሌላው የማይነገር ነገር አለ። የእስረኛ ልጅ ደግሞ ለሐጂ ሸረፋ ቤት አትታጭም።

ይልቅ ለዚያ ቤት የታጨችውን ኡሚን ከተማው ሁሉ እያያት ነው። ሰፍያ ሌላው ቀርቶ በሻሿ ቀናች።

በማግስቱ ጧት ሳኒ ራሱ ወደ በረንዳው መጣ። እናቱ በዚህ ዓመት ሐጅ ያደርጋሉ፤ ሴት ብቻዋን አትሄድምና የሚያጅባቸው እሱ ነው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይበራሉ። የመንገደኛ ዕቃ በሸራ ከረጢት ገብቶ፣ አፉ በጆንያ መርፌና በሲባጎ የሚሰፋው ደግሞ እዚሁ በረንዳ ላይ፣ በሰፍያ እጅ ነው።

ዕቃውን አንድ በአንድ አወረደ። የእናቱ ልብሶች፣ ስንቅ፣ ከዚያም ለራሱ ሁለት ነጭ ጨርቅ።

«ኢህራሜ ነው። ይሄኛውን መርፌ እንዳይነካው። ያልተሰፋ ነው የሚለበሰው።»

«አውቃለሁ» አለች። ስንት ልብስ ሰፍታለት፣ ትልቁን መንገድ ሲሄድ ግን ከእጇ አንዲት ክር እንኳን ይዞ አይሄድም። እሱንም ሐራም አደረጉብኝ ብላ ሆዷ ባባ። ያኔ ነው በኮባ ቅጠል የተጠቀለለውን፣ የሕፃን ራስ የሚያህለውን ጥቅል ያየችው። የታሰረው በአረንጓዴ የሐር ሻሽ ነው።

«ይሄስ?»

«አደራ ነው። የኡሚ። ጅዳ ላለው ወንድሟ። ቅቤ መሰለኝ።»

«ወልቂጤ ቅቤ በሐር ነው እንዴ የሚታሰረው?»

«ማሰሪያው ተበጥሶ ነው። ሻሿን ከራሷ ላይ ፈታ አሰረችበት» አለ የዋሁ ሳኒ። ወይ ወንዶች! እውነት የሚናገሩበትን ሰዓት ሲመርጡ።

«ከራሷ ላይ። አንተ ፊት።»

«ሰፍያ፣ ወላሂ…»

«አትማል! ስትመለስ ኒካህ ልታስሩ ነው አሉ። ከተማው በሙሉ ያውቃል። እኔ ጅሏ ብቻ የሙሽራውን ከረጢት እሰፋለሁ።»

«የአባቴ ሐሳብ ነው፣ የኔ አይደለም።»

«የኔ ሐሳብ ሰፍያ ናት ብለሃቸዋል?»

ሳኒ መሬት መሬት አየ። በረንዳው ሥር ዶሮዎች የተበተነ የበርበሬ ፍሬ ይለቅማሉ። እነሱን ያየ መሰለ።

«ስመለስ እነግረዋለሁ» አለ በመጨረሻ።

«ስትመለስማ አብረሃት ትኖራለህ!»

«አንቺ ካላመንሽኝ እኔ ምን ቀረኝ?» ድምፁ ተሰበረ። «ከዙሁር ሶላት በኋላ ዱዓ ይደረግልናል። የዐሥር ሶላት ሳይደርስ ሰፍተሽ ላኪልኝ።» ዞር ሳይል ሄደ። ሰፍያ ዞር ይላል ብላ እስከ ማዕዘኑ ድረስ አየችው። አልዞረም። እንባዋ ሲወርድ ለጎረቤቷ በርበሬው ነው አለች።

ዙሁር ተሰግዶ መንገዱ ጭር ሲል ጥቅሉ ጭኗ ላይ ነበር። አደራ አይከፈትም። ቡታጅራ ውስጥ ያደገ ሁሉ ይህን ያውቃል። የሰው አደራ በኮባ እንደታሰረ ሄዶ በኮባ እንደታሰረ ይደርሳል፤ ተሸካሚው ምን እንዳለበት መጠየቅ እንኳን ነውር ነው። ሰፍያም ታውቃለች። ቅናት ግን ዕውቀት አይሰማም። ሻሹን አሸተተችው። የጽጌረዳ ሽቱ! እንግዲህ ቅቤ ብሎ ነገር የለም። ውስጡ ለሱ የተላከ ነገር አለ፤ ቀለበት፣ የጸጉር ጉንጉን፣ ፎቶግራፍ፤ አውሮፕላኑ ላይ ፍታው ብላ በጆሮው ነግራዋለች፤ ወንድም የሚባለው ለኔ የተፈጠረ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለች ራሷን አቃጥላ አቃጥላ፣ ቋጠሮውን ፈታችው።

ኮባው ሲዘረጋ ቀለበት አልነበረም። ፎቶግራፍም የለም። ደርቆ የደቀቀ ጫት ነው።

ሰፍያ ሳቀች። ብቻዋን፣ በረንዳው ላይ፣ እጇን አፏ ላይ ጭና ሳቀች። ጫት! በየቤቱ ዱዓ ሲደረግ በትሪ የሚቀርብ ጫት! ለዚህ ቅጠል ነው እንዲህ የተቃጠልኩት? ቀለል አላት፤ ኡሚንም ልትወዳት ምንም አልቀራት።

ሳቋ ሳያልቅ ግን አባቷ ትዝ አላት። ከጅዳ በተመለሰ ሰሞን ትኩሳት ሲጥለው ግድግዳውን እያየ «ቅጠል ነው፣ ጌታው፣ ቅጠል ብቻ ነው፤ የኔም አይደለም» እያለ ይቃዥ ነበር። ሲሻለው ይህን ለማንም እንዳትናገር አስምሏታል። በዚያ አገር ጫት ሐራም ነው፤ ሕጉም አይለመንም። የጉምሩኩ ሰው ኮባውን በካራ ሲሰነጥቅበትም በቅዠቱ ይናገር ነበር። አደራ ነው ብሎ ቢናገር ማን ሊሰማው፤ በእጁ የተገኘ የእጁ ነው።

አሁን ደግሞ ሳኒ። ከጎኑም እናቱ።

እውነቱን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ሰፍያ መልአክ አልነበረችም። ለአንድ አፍታ፣ ክር በመርፌ ዓይን እስኪያልፍ ላለች አፍታ፣ ይያዝ አለች። የሷን አደራ ተሸክሞ ይያዝ! እስር ቤት ቁጭ ብሎ በሐር ሻሽ ያሰረችውንና በክር የጠገነችውን ይለይ! ይህን ባሰበች ቅጽበት የአባቷ ጀርባ ዓይኗ ላይ መጣባት። ልብሱን ስታጥብለት የምታየው ያ ጠባሳ። ያ ረቢ፣ አፉ በለኝ ብላ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች።

ታዲያ ጫቱን አውጥታ ቅቤ ብታደርግበትስ? ማንም አያውቅም። ግን ያ የጅዳው ወንድም ጫት ጠብቆ ቅቤ ቢደርሰው አደራ በላ የሚባለው ሳኒ ነው። የአደራ በላ ስም ደግሞ ከእስር ቤት ይብሳል። ይህም ይቅር፤ በግልጽ መናገር ነው። ስትናገር ደግሞ በምን አወቅሽ ይሏታል። ፈትቼው። ለምን ፈታሽው? ይህን ጥያቄ ስታስበው ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

ጥቅሉን አቅፋ በቤታቸው በር ስታልፍ አባቷ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። የተፈታውን ኮባ፣ ከሥሩም ቅጠሉን አየ።

«የት ነው የምትወስጅው?»

«ሐጂ ሸረፋ ጋ፣ አባ። ሳኒ ሊወስደው ነው።»

ሰይዶ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። ሰፍያ ፈጠነች። ፍርሃቷ እንዳይቀድማት ብላ ነው የሮጠችው።

የሐጂ ሸረፋ ግቢ በሰው ሞልቷል። ሽማግሌዎቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጫቱ በትሪ ቀርቧል፣ እናትየዋ ነጭ ለብሰው ምርቃት ይቀበላሉ። ኡሚ ሳህን ይዛ ስትዘዋወር የቤቱ ሙሽራ ትመስላለች። ሰፍያ ይህንንም ሳታይ አላለፈችም።

«አሰላሙ አለይኩም» አለች። ድምፅዋ ከበሩ አላለፈም።

ሳኒ ብድግ አለ። ኡሚ ግን መጀመሪያ ያየችው ሻሿን ነው።

«እንዴ! ፈታሽው? የሰው አደራ?»

ሐጂ ሸረፋ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ማነሽ አንቺ? የሰይዶ ልጅ አይደለሽም? አባትሽ አሳደገሽ ወይስ በረንዳ? አደራ ሐራም ነው! እጅ የሰጠውን እጅ እስኪቀበለው ድረስ ሐራም ነው! ለምንድነው የፈታሽው?»

ይኸው መጣ ጥያቄው። ሰፍያ ሳኒን አየችው። እሱም ያያት ነበር።

«በቅናት ነው» አለች።

አንዲት ሴት ከማጀት «አስተግፊሩላህ!» አለች። አንድ ሽማግሌ ማየት ነውር እንደሆነ ሁሉ ዓይኑን ከደነ።

«በቅናት ነው፣ አባባ። ልጅዎን እወደዋለሁ። ሻሿን ሳይ አበድኩ። የፍቅር ነገር አለበት ብዬ ፈታሁት። ነውሬን በአደባባይ ተናግሬያለሁ፤ ይርገሙኝ፣ ያስወጡኝ። ግን ይሄን ሳያዩ እንዳያስወጡኝ!» ኮባውን ምንጣፉ ላይ ዘረጋችው።

ሐጂ ሸረፋ ሊራገሙ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ቅጠሉን ሲያዩ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

«ጫት?» አለች ኡሚ። «እማ ቅቤ ነው ብላ ነው የሰጠችኝ። እኔም እኮ አልፈታሁትም፣ እንደታሰረ ነው ያመጣሁት። ቢሆንስ ታዲያ? ይኸው እዚህ በትሪ አለ። ጫት ምን ነውር አለው?»

«እዚህ ነውር የለውም። ጅዳ ግን እስር ቤት ነው። ጅራፍ ነው። ሳኒን ነው የሚያስሩት፤ እናቱ በሰው አገር ብቻቸውን ይቀራሉ።»

ሳኒ ወደ አባቱ ዞረ። «አባ፣ እውነት ነው?»

የሐጂ ሸረፋ ዓይን ከቅጠሉ ላይ ተነሥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሰው ሁሉ ዓይናቸውን ተከትሎ ዞረ።

ሰይዶ በሩ ላይ ቆሟል። ከጅዳ ከተመለሰ ወዲህ ያንን ግቢ ረግጦ አያውቅም።

«ልጄ ባለጌ አይደለችም» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ጨዋ ነበርኩ። እኔ አልፈታሁትም። በኮባ ነበር፤ ቅቤ ነው ተብዬ ነበር። የማን ነው ሲሉኝም አልተናገርኩም።»

«አባ፣ የማን ነበር?» አለች ሰፍያ። ይህን ጥያቄ ከልጅነቷ ጀምሮ ይዛው ኖራለች።

ሰይዶ አሁንም ዝም አለ። ቃሉን የሰጠው ለሰው ነው፤ ሰውየው ደግሞ እዚያው ፊቱ ቆሟል።

«የኔ ነው» አሉ ሐጂ ሸረፋ።

ምንጣፉ ላይ ቁጭ አሉ ከማለት ወደቁ ማለት ይቀላል። «የኔ ነበር። ለጅዳው ወንድሜ። ሕጉ እስከዚህ እንደሚከፋ አላውቅም ነበር፣ ወላሂ አላውቅም ነበር። ሲታሰር ሰማሁ። ነገ እናገራለሁ አልኩ፤ ከነገ ወዲያ አልኩ። ሱቁም ለብቻዬ ሆነ። ሰይዶ፣ አፉ በለኝ።»

እናትየዋ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው አለቀሱ። ሳኒ አባቱን እንደ እንግዳ ሰው አያቸው።

«ሁለት ዓመት ነው፣ ሸረፋ» አለ ሰይዶ። «ከተመለስኩ በኋላ ያለው ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል። ዛሬ አፉ ብዬሃለሁ ብል እዋሻለሁ። ልጅህ ግን አይታሰር። ይሄን ለጠላቴም አልመኝም።»

ሄዶ ልጁን በራሷ ላይ ሳማት። ሰፍያ አባቷ በሰው ፊት ቀጥ ብሎ ሲቆም ያየችው የዚያን ቀን ነው።

የሸራው ከረጢት ከበረንዳው መጥቶ የተሰፋው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። እናትየዋ ዕቃውን ሁሉ ምንጣፍ ላይ ገልብጠው፣ «የማንም ይሁን የማን፣ በገዛ እጅሽ ፈትሽልኝ» አሏት። ዘመድ የላከው ጥቅል ሁሉ ተፈታ። ያኮረፈ አኮረፈ። ኡሚ የራሷን ጫት አንሥታ እሳት ውስጥ ጨመረችና ሻሿን ይዛ ወደ ሰፍያ መጣች።

«ወንድሜ አንድ ነው ያለኝ» አለች። «ሳኒ ተይዞ ቢሆን እሱንም መጥተው ይወስዱት ነበር። አላወቅሁም፣ እህቴ።» ዓይኗ ቀልቷል። ሰፍያ አዘነችላት። ደግሞም ስታለቅስ ይበልጥ እንደምታምር አየችና ተናደደች።

ሳኒ ሲባጎውን ይዞላት አጠገቧ ተንበረከከ።

«ምን ልታገኚ ነበር የፈታሽው?»

«የጸጉሯን ጉንጉን።»

«ብታገኚስ?»

«አቃጥለው ነበር። ከዚያ አንተን። ከዚያ በረንዳውን።»

ሳቀ። እየሳቀ እንባው መጣ። «ባትቀኚ ኖሮ ነገ የት ነበርኩ፣ ሰፍያ?» አለና ወደ አባቱ ዞሮ፣ ግቢው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ተናገረ። «አባ፣ ስመለስ እነግርሃለሁ ብዬ ነበር። ፈሪ ነበርኩ። አሁን ልንገርህ። በዚህ ቤት ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ከረጢቱን የምትፈታለት ሚስቱ ናት። የኔን ከረጢት ከሰፍያ በቀር ማንም አይፈታውም።»

ሐጂ ሸረፋ እሺ አላሉም። እምቢም አላሉም። «እሱን የሚወስነው ሰይዶ ነው» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «እኔ አፌ ተይዟል።»

«መጀመሪያ በሰላም ይመለሱ» ብቻ አለ ሰይዶ። ሰፍያ ግን አባቷን ታውቀዋለች፤ እምቢ የሚል ሰው ከረጢቱ ተሰፍቶ እስኪያልቅ አይቀመጥም።

በመጨረሻው ቋጠሮ ላይ እጇ ዘገየ። ሲባጎውን ሦስቴ አጠላልፋ፣ እሷ ብቻ በምታውቀው አስተሳሰር አሰረችው። የጅዳ ጉምሩክ ይፍታው፤ እሱ መብቱ ነው። ከዚያ በኋላ የሚፈታው ግን የሷ ነው ብላ አሰበች። እንዲህ ብላ ማሰቧ ራሱ ጉንጯን አጋለው።

በማግስቱ ጧት አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ሰፍያ ከሸኚው ሰው ጋር ቆማ ነበር። ሳኒ እናቱን ደግፎ ወጣ። የሸራው ከረጢት ጣሪያው ላይ ተጫነ። ሁሉ ነገር ደህና ነበር፤ አረንጓዴው ሻሽ እስኪመጣ ድረስ። ኡሚ! ለካ ወደ ወልቂጤ ለመመለስ እስከ አዲስ አበባ የምትሄደው በዚያው አውቶቡስ ነው። ወጣች፤ ባዶው ወንበር ደግሞ ከሳኒ አጠገብ ነው።

የሰፍያ የትናንቱ ቅናት ብድግ አለ። ኧረ ተው፣ አለችው፤ ትናንት አልጨረስንም እንዴ? አልሰማትም።

ያኔ እናትየዋ ከመስኮቱ ብቅ አሉ። ልጃቸውን ወደ መስኮቱ ገፋ አድርገው፣ እሳቸው ሁለቱ መካከል ተደላድለው ተቀምጠዋል።

«ሰፍያ!» ብለው ተጣሩ። «እኔ መሐል ነኝ! እስከ አዲስ አበባ ንቅንቅ አልልም!»

ሸኚው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ኡሚም ሳቀች። ሳኒ በእናቱ ትከሻ ላይ አንገቱን አውጥቶ፣ እንደ በረንዳው ዘመን፣ በዓይኑ ብቻ ሰላም አላት። አውቶቡሱ አቧራውን አስነሥቶ በመስቃን መንገድ ሲርቅ ሰፍያ በአንድ ዓይኗ እየሳቀች በአንድ ዓይኗ ታለቅስ ነበር። ቅናቷ አልለቀቃትም። አሁን ግን የምትቀናበት ሰው የራሷ ነበረና፣ ሲያቃጥላትም ደስ አላት።